ለአየርላንዶች የተከፈተው በር፦ ዲቪ ከየት መጣ?

ዲቪን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ማለት ይከብዳል። ጥቅምት ሲገባ በየኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ «ዲቪ ይሞላል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ ፎቶ ቤቱ ይጨናነቃል፣ «ደረሰው» የተባለ ቀን ደግሞ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል። ዕጣው ለማን ታስቦ እንደተሠራ ግን ብዙም ጠይቀን አናውቅም። አንዱ «አሜሪካ ለድሃ አገር አዝና ነው» ይላል። ሌላው «የተማረ ሰው ለመንጠቅ ነው» ይላል። እዚያው አሜሪካ ያሉ የስደት ተቃዋሚዎች ደግሞ ነጩን ሕዝብ በሌላ ለመተካት የተሸረበ ሴራ አድርገው ያወሩታል። የሕጉ ታሪክ ሦስቱንም አይደግፍም። ዲቪ የተሠራው በዋናነት ለአየርላንድ ልጆች ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ነገሩን ለመረዳት ወደ 1924 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ የጆንሰን-ሪድ ሕግ የሚባለውን አወጣ፤ በሕጉም ለእያንዳንዱ አገር ኮታ ተሰፈረለት። ስሌቱ ተንኮል ነበረበት። አንድ አገር በዓመት የሚያገኘው ኮታ፣ በ1890 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገቡት ተወላጆቹ 2 በመቶ ነው ተባለ። የ1910 እና የ1920 ቆጠራ እያለ ለምን 34 ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አስፈለገ? ጣሊያኖች፣ ፖላንዶችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በብዛት የገቡት ከ1890 በኋላ ስለሆነ ነው። ቆጠራውን ወደ ኋላ መጎተት እነሱን ከሒሳቡ ማውጣት ማለት ነበር። የጣሊያን ኮታ ከ42,057 ወደ 3,845 ወረደ። እስያውያን ከጥቂቶች በቀር ጭራሹን ተከለከሉ። የአየርላንድ ነፃ ግዛት 28,567 ተሰጠው። ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ላይ ነበረች፤ ለአንድ አገር የሚሰጠው ዝቅተኛው ቁጥር ደረሳት፣ 100 ሰው። ይህን የ28,567 እና የ100 ልዩነት ያዙልኝ።

አየርላንዶች እዚህ ደረጃ ላይ የደረሱት ያለ ችግር አልነበረም። ከ1845 ጀምሮ ድንች የበላው በሽታ አገራቸውን ሲያስርብ አንድ ሚሊዮን ያህሉ አልቀው፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደዋል። አሜሪካ ሲደርሱ የጠበቃቸው «ካቶሊኮች አገራችንን ሊወርሱ መጡ» የሚል የፖለቲካ ፓርቲ ነው። በሰባ ሰማንያ ዓመት ውስጥ ግን የቦስተንንና የኒውዮርክን ፖሊስና የከተማ ምክር ቤት ያዙ። በመጨረሻም የእነሱው ልጅ ጆን ኬኔዲ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ኮታውን ያፈረሰው የ1965ቱ ሕግ ነው። ሊንደን ጆንሰን በነፃነት ሐውልት ሥር ቆመው ሲፈርሙ፣ ሕጉ አብዮት የሚያመጣ እንዳልሆነ ለሕዝቡ አረጋገጡ። ሕጉን በሴኔት ይዘው የተከራከሩት ኤድዋርድ ኬኔዲም የአገሪቱ የዘር ስብጥር አይናጋም ብለው ነበር። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የኦሃዮው ተወካይ ማይክል ፌጋን ቅድሚያ ከሙያ ይልቅ ለቤተሰብ ይሰጥ ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው አውሮፓዊ ስለሆነ፣ ዘመዱን ሲያመጣ የሚመጣውም አውሮፓዊ ይሆናል። ስሌቱ ከሸፈ። አውሮፓ ከጦርነቱ አገግማ ሀብታም ሆና ነበርና የአውሮፓውያን ዘመድ አልመጣም። የመጣው የፊሊፒንሱ ነርስ፣ የኮሪያው ነጋዴ፣ የሕንዱ ሐኪም ነው። እነዚህ ሥር ሲሰዱ እህት ወንድማቸውን ጠሩ። በ1970 ከአሜሪካ ሕዝብ ውጭ አገር የተወለደው 4.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ14 በመቶ በላይ ነው። ይህን ያመጣው ሴራ አይደለም፤ ስብጥሩን እንዳለ ለማቆየት የተጻፈ አንቀጽ ነው።

የ1965ቱ ሕግ ሌላም ያልታሰበ ጉዳት አመጣ፤ አየርላንዶችን ከበሩ ውጭ አስቀራቸው። ቅድም አያቱ ቦስተን የገቡ የደብሊን ወጣት ቪዛ የሚያስገኝ የቅርብ ዘመድ የለውም። ለቪዛ የሚሆን ልዩ ሙያም አልነበረውም። በ1980ዎቹ የአየርላንድ ኢኮኖሚ ሲወድቅና ሥራ አጡ ሲበዛ፣ ወጣቱ በጎብኚ ቪዛ እየገባ በዚያው መቅረት ጀመረ። በኒውዮርክ ግንባታ ላይና በየመጠጥ ቤቱ ያለ ወረቀት የሚሠሩት አየርላንዶች በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። በ1986 ወረቀት ለሌላቸው ምሕረት የሚሰጥ ሕግ ሲወጣም አብዛኞቹን አልነካቸውም። ሕጉ ከ1982 በፊት የገባ ይላል፤ እነሱ ደግሞ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ነገር ግን የሚጮኽላቸው ሰው ነበራቸው። በዚያው ሕግ ውስጥ የቦስተኑ የምክር ቤት አባል ብራየን ዶኔሊ በ1965ቱ ለውጥ «ለተጎዱ» 36 አገሮች የሚሆን 10,000 ቪዛ አስገቡ። አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። አሰጣጡ «ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል» የሚል ነበር። አንድ ሰው የሚልከው ደብዳቤ ብዛትም ገደብ አልነበረውም። በጥር 1987 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደብዳቤ ጎረፈ። አየርላንዶች ተደራጅተው ነበርና ትልቁን ድርሻ ወሰዱ።

ቀጥሎ የመጣው የ1990ው ሕግ ነው። በሴኔት ኬኔዲ፣ በታችኛው ምክር ቤት ብሩስ ሞሪሰንና የብሩክሊኑ ቻርልስ ሹመር ገፉት። ቋሚው የዲቪ ዕጣ በ1995 እስኪጀመር ድረስ ለሦስት ዓመት የመሸጋገሪያ ፕሮግራም ተቀመጠ። በየዓመቱ 40,000 ቪዛ ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 40 በመቶው ለአየርላንድ ተወላጆች ይሆናል ተብሎ በሕግ ተጻፈ። የመጀመሪያው ዙር በጥቅምት 1991 ሲከፈት ማመልከቻው የሚገባው በቨርጂኒያ ሜሪፊልድ በሚባል ቦታ ባለ ፖስታ ቤት ነበር። ሰዉ ደብዳቤውን በጆንያ ተሸክሞ ፖስታ ቤቱን ወረረው። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ሜሪፊልድ ማለት ዛሬ አበሻ የሚበዛበት የፎልስ ቸርች ጎረቤት ነው።

መሸጋገሪያው ሲያልቅ 55,000 ቪዛ ለመላው ዓለም በዕጣ መስጠት ተጀመረ፤ በኋላ በሌላ ሕግ ወደ 50,000 ገደማ ወረደ። ባለፉት አምስት ዓመታት ከ50,000 በላይ ሰው የላከ አገር አይካተትም፣ አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ አይወስድም፣ አመልካቹ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወይም የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ይሁን ተባለ። ልክ በዚያን ጊዜ የአየርላንድ ኢኮኖሚ ተመነደገ። ልጆቿ መሰደዳቸውን ቀነሱ፤ እንዲያውም የሄዱት ይመለሱ ጀመር። በሩ ግን ተከፍቶ ቀረ። በሩን ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ኬንያና ኢትዮጵያ አገኙት። በ1924 100 ሰው የተመደበላት አገር ልጆች በአንዳንድ ዓመት በሺዎች መግባት ጀመሩ፤ አየርላንድ ከዕጣው የምትወስደው ደግሞ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ።

እንግዲህ ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። ዲቪ ሲወለድ ወላጆች ነበሩት፤ ድምፅ የሚሰጥ መራጭ፣ ጋዜጣ፣ ማኅበርና ሴናተር ያለው ወገን። ያ ወገን ጉዳዩ ሲሞላለት ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ዛሬ ከዕጣው የሚጠቀመው ሰው በመቶ አገር የተበተነ፣ ገና አሜሪካን ያልረገጠ፣ ድምፅ የሌለው ሰው ነው። በ2013 ሴኔቱ 68 ለ32 ያጸደቀው የስደት ማሻሻያ ዲቪን የሚሰርዝ አንቀጽ ነበረበት። ካረቀቁት ስምንት ሴናተሮች አንዱ ማን ነበሩ? ራሳቸው ሹመር። ጥቁር የኮንግረስ አባላት ተቃወሙ። ሆኖም ዕጣውን ያተረፈው ተቃውሟቸው አይደለም፤ ታችኛው ምክር ቤት ሕጉን በጠቅላላ ለድምፅ ሳያቀርበው ቀረ። በሌላ ጉዳይ ጠብ ተረፍን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ2017 በዲቪ የገባ የኡዝቤኪስታን ተወላጅ በኒውዮርክ በመኪና ስምንት ሰው ሲገድል፣ ትራምፕ ዕጣው ይቁም አሉ፤ ጥፋቱንም በሹመር ላይ ጣሉ። አገሮች ክፉ ክፉውን ሰው እየመረጡ ይልኩብናል ማለታቸው ውሸት ነበር። ፎርሙን የሚሞላው አመልካቹ ራሱ ነው፤ መንግሥት ማንንም አይልክም። በጥር 2018 በዋይት ሀውስ ስለ ዲቪና ስለ ጊዜያዊ ከለላ ሲመከር፣ የአፍሪካ አገሮችን በጸያፍ ቃል ጠርተው ለምን ከኖርዌይ አናመጣም እንዳሉ ተዘገበ፤ እሳቸው ቃሉን አልተጠቀምኩም ብለዋል። ኖርዌይ ለዲቪ ብቁ አገር ናት፤ የጠፋው የሚሞላ ነው። በ2020 በወረርሽኙ ሰበብ ቪዛ መስጠት ቆመ። ደርሷቸው ኢንተርቪው የሚጠብቁ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ፍርድ ቤት ሄዱ። የዲቪ ቪዛ እስከ መስከረም 30 ካልተሰጠ ይቃጠላልና ለብዙዎቹ ፍርዱ ዘግይቶ ደረሰ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ በዲቪ የገባ ፖርቹጋላዊ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሲገድል ፕሮግራሙ እንዲቆም ታዘዘ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ገዳዮች አፍሪካዊ አይደሉም፤ በሩ ሲዘጋ ግን አዲስ አበባም ነቀምትም ያለው አብሮ ይዘጋበታል።

አየርላንድስ? እሷ ዛሬ ተቀባይ አገር ሆናለች። በ2004 ሕዝቧ በሪፈረንደም 79 በመቶ ድምፅ፣ በአገሯ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው የሚለውን መብት አስቀረ። በኅዳር 2023 በደብሊን አውቶቡስ ተቃጠለ፤ «አየርላንድ ሞልታለች» የሚለው መፈክርም በየሰልፉ ይሰማል። ሌሎች አየርላንዳውያን ደግሞ የአያቶቻቸውን መርከብ እያስታወሱ ይቃወሟቸዋል። ክርክሩ ገና አላለቀም።