ከማያውቁት ሰው ጋር ገበታ መቅረብ
ስለ ሰንጠረዥ፣ ስለ ገበጣና ስለ ዳማ

በአገራችን እንግዳን ከገበታ ማቅረብ የቆየ ልማድ ስለ መሆኑ ብዙ ሰዎች ስለ ጻፉበት፣ እዚህ ላይ ደግሞ ማውሳት አያስፈልግም። ነገር ግን ገበታ የምንለው እንጀራ የሚቀርብበትን ብቻ አይደለም። ንጉሥና ፈረስ የሚቆሙበት፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያለ ጦርና ያለ ጋሻ የሚዋጉበትም ሰሌዳ ገበታ ነው። በዚህኛው ገበታ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት ይገናኙ እንደ ነበር፣ ከመገናኘታቸውም ለታሪካችን ምን እንደ ተረፈ መመርመር የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው። ነገሩ ተራ የጊዜ ማሳለፊያ መስሎ ለሚታየው አንባቢ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገረው፤ አባቶቻችን አራት መቶ ዓመት ያህል የተጫወቱትን የሰንጠረዥ ሕግ ዛሬ የምናውቀው፣ በአብዛኛው፣ በእንግድነት ከገበታው አጠገብ ተቀምጠው ባዩ የውጭ አገር ሰዎች ብዕር ነው።

በቅርብ ከምናየው እንጀምር። በአዲስ አበባ ከመርካቶ አጠገብ የሚገኘው ድልድይ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ይጠራል። ፊታውራሪ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ተማርከው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤት በችሎታቸው ከፍ ከፍ ብለው፣ በአድዋ የወደቁትን የፊታውራሪ ገበየሁን ስፍራ የያዙ፣ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነትን የተቀበሉና በ1919 ዓ.ም. ያረፉ ታላቅ ሰው ናቸው። የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነበር። መላ ለገበታ ጨዋታም ዋናው ስንቅ ስለ ሆነ፣ ስሙ ለያዝነው ነገር የተስማማ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።

ከድልድዩ አጠገብ ያለው ገበያ ደግሞ የተቋቋመበት ታሪክ የሚያስደስት አይደለም። ጠላት አዲስ አበባን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ሲል፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አቅራቢያ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አውጥቶ አሁን ባለበት ስፍራ አቆመው፤ መርካቶ የሚለውም ስም የኢጣልያኖች ቃል ነው። ለመለያየት የታሰበው ስፍራ ግን ውሎ አድሮ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከየማዕዘኑ የሚገናኝበት ሆነ። ዶርዜው ሸማውን፣ ጉራጌው ሸቀጡን፣ ሐረሬው፣ ትግሬው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይመጣል። የሚመጣ ሰው ሁሉ ደግሞ የሚጠብቀው ነገር አለው፤ ጭነት የሚጠብቅ አለ፣ ደንበኛ የሚጠብቅ አለ፣ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ አለ። ጨዋታ የሚወለደው በዚህ በመጠባበቅ ጊዜ ነው።

በመርካቶና በዙሪያዋ ተሸካሚዎች፣ ሊስትሮዎችና ነጋዴዎች የሚጫወቱት ዳማ ነው። ሰሌዳው ቁራጭ ጣውላ ወይም ካርቶን፣ ጠጠሩም የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ቆርኪ ነው፤ አንዱ ወገን ቆርኪውን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ያቆማል፤ በዚህ ብቻ ሁለቱ ሠራዊት ይለያል። ሁለቱ ሲጫወቱ አምስቱ ቆመው ያያሉ፤ የተሸነፈው ይነሣል፣ ከቆሙት አንዱ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ መብላት ግዴታ ነው ወይስ አይደለም? ሳይበላ የቀረው ጠጠር ይነሣበታል ወይስ ይታለፍለታል? ይህ ጥያቄ ቀላል አይምሰለን። የዳማ ሕግ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጠጠር ከማንቀሳቀሳቸው በፊት በሕግ መስማማት አለባቸው፤ አስቀድመው ያልተስማሙ ከጨዋታው መካከል ይጣላሉ።

ገበጣም እንዲሁ ነው። ገበጣ ከሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ይመስላል፤ በየሐና በመጠራ ከአክሱም ዘመን ጋር የተያያዙ የገበጣ ሰሌዳ የሚመስሉ ጉድጓዶች መገኘታቸውን የመሬት ውስጥ ቅርስ መርማሪዎች ጽፈዋል። መሬት ቆፍሮ ጠጠር ወይም የእህል ፍሬ መዝራት የሚችል ሁሉ ይጫወተዋል። አንዱ አገር በሁለት ረድፍ፣ ሌላው በሦስት፣ ሌላውም በአራት ረድፍ ይጫወታል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ሰብስቦ በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ውስጥ ከመቶ የማያንሱ የአጨዋወት ዓይነቶች ተመዝግበዋል። አንድ ጨዋታ ከመቶ በላይ ሕግ ሲኖረው፣ ከጎረቤት ወረዳ የመጣ ሰው ሁሉ አዲስ ጨዋታ ይዞ የመጣ ያህል ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሰንጠረዥ ልመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እርሱ ነውና።

ሰንጠረዥ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የተስፋፋው ጨዋታ ነው። ስሙም ዐረቦች ሸጥረንጅ ከሚሉት የመጣ ነው። በኢትዮጵያ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቤተ መንግሥት ይታወቅ እንደ ነበረ ማስረጃ አለ። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ወደ ኢጣልያ ከሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ በጻፈው የመንገድ ማስታወሻ ውስጥ፣ ቢቺኒ የተባለ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበር ይገኛል። ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ነግሠው በ1532 ዓ.ም. ያረፉ ናቸው። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ፤ ስለ ሰንጠረዣችን ካሉን የጥንት ወሬዎች አንዱ የሚነግረን ስለ ሁለት ባላገሮች ጨዋታ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ከባሕር ማዶ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ፊት ለፊት መቀመጣቸውን ነው። የሠዓሊው ቋንቋና የንጉሡ ቋንቋ የተለያየ ነበር፤ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ዘመን ዘልዬ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን እመጣለሁ። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1805 እና በ1810 ገደማ ወደ ትግራይ መጥቶ በእንደርታ የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ሆኖ ነበር። ራስ ሰንጠረዥ ይወዱ ስለ ነበር፣ ሶልት የጨዋታውን ሁኔታ በመጽሐፉ ገልጾታል። ሹማምንቱ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ያልተጠረቡ ነበሩ። የባላጋራን ሹም የሚወስድ ሰው በቀስታ አያነሣውም፤ በኃይል መትቶ ከስፍራው ያስፈነጥረዋል። ከሁሉ በላይ ሶልትን ያስገረመው ጫጫታው ነው። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ ምክር ይሰጣል፤ እጁንም ሰዶ ሹማምንቱን ይነካል። ሰንጠረዥን በጸጥታ መጫወት ለለመደ እንግሊዛዊ ይህ እንደ ሥርዓት አልባነት ቢታየው አይፈረድበትም። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል፤ በጌታው ፊት ቀና ብሎ መናገር የማይችል አገልጋይ፣ በሰንጠረዥ ገበታ ዙሪያ ግን ለራስ ምክር ይሰጥ ነበር። በሌላ ስፍራ ያልነበረው ድምፅ እዚያ ነበረው።

ከሶልት በኋላ በ1843 የመጣው ወልተር ፕላውደን፣ ኋላም የእንግሊዝ ቆንስል የሆነው፣ የአጨዋወቱን ሕግ ከሁሉ በተሻለ ጽፎ ትቷል። ፕላውደን በ1860 በጎንደር አካባቢ በደረሰበት ጥቃት ቆስሎ ስለ ሞተ፣ ጽሑፉን ወንድሙ በ1868 አሳተመለት። በዚያም ሆነ በኋላ በመጡ ጸሐፊዎች፣ ለምሳሌ በፈረንሳዊው ሊቅ በማርሴል ኮሄን ጽሑፍ እንደሚገኘው፣ የሀበሻ ሰንጠረዥ እንዲህ ነበር።

ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ተሰፍቶበት በስድሳ አራት ቤት ይከፈላል፤ ጥቁርና ነጭ ቤት የለበትም። በእያንዳንዱ ወገን ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል (ሳባም ይባላል)፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ድርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዙ የዛሬው ቼዝ ንግሥት ኃይል የለውም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊሉም በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። ስለዚህ ጨዋታው ቀስ ያለ፣ ቅርብ ለቅርብ የሚጋጠሙበት ነበር።

ልዩ የሚያደርገው ግን አጀማመሩ ነው። በመጀመሪያ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደ ፈቀዱና እንደ ቻሉት ፍጥነት፣ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ አምስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሁለት ጊዜ ቢያንቀሳቅስ ክርክር አይነሣም። የባላጋራውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ማፍረስና እንደ ገና መሥራትም ይችላል። ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ሹም በወሰደ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየተራ ይጫወታሉ። በእውነተኛው ጦርነት የሚሆነው ይህ ስለ ሆነ፣ ጦር ሜዳ የዋሉት መኳንንት ቢወዱት አያስደንቅም፤ ጠላት ሠራዊቱን ሲያሰልፍ ተራችሁን ጠብቁ የሚል ዳኛ የለምና።

አጨራረሱም የራሱ ወግ ነበረው። በድር ወይም በፈረስ ንጉሥን መማረክ እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም። በፈርዝ፣ በፊልና በመደቅ አዋዶ የማረከ ግን ይመሰገናል። ባላጋራው ከንጉሡ ጋር አንድ ሹም ብቻ የቀረው እንደ ሆነ፣ አሸናፊው ያ ሹም ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት መጨረስ አለበት። ንጉሡ ብቻውን ከቀረ ደግሞ አይማረክም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ያልቃል። ባላጋራውን አስቀድሞ ሁሉን ገፎ ማዋረድ ድሉን ያሳጣው ነበር ማለት ነው። አሸናፊው እንግዲህ ለባላጋራው ጥቂት ክብር መተው ይገባው ነበር፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ድሉ የሚቆጠርለት።

ይህ ጨዋታ ዛሬ የለም። የጠፋበትን ምክንያት ስመረምር፣ ዘመናዊው ቼዝ አሸነፈው የሚለው ብቻውን አይበቃኝም። ሰንጠረዥ የመኳንንት አዳራሽ ጨዋታ ነበር። የዝሆን ጥርስ የሚያስጠርብ፣ ከቀትር እስከ ማታ የሚቀመጥ፣ በዙሪያው ተመልካች የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ መኳንንቱ አንዱ ተገደለ፣ አንዱ ዱር ገባ፣ አንዱ ተሰደደ፣ አንዱም ወደ ኢጣልያ ተጋዘ። አዳራሹ ሲፈርስ ጨዋታው የሚጠለልበት አጣ። ገበጣ ግን መሬት እስካለ ድረስ አይጠፋም፤ ዳማም ቆርኪ እስካለ ድረስ። ከነጻነት በኋላ በትምህርት ቤትና በክበብ የተስፋፋው ሌላው ቼዝ ነው፤ ተማሪው ፈርዝን ረስቶ ንግሥትን ተማረ። ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ ለአብዛኛው ሰው ቁጥር የሚሞላበት፣ በመስመር የተከፋፈለ ወረቀት ማለት ሆኗል። በየመሥሪያ ቤታችን በየቀኑ ሰንጠረዥ ሲሞላ፣ ከመስመሮቹ መካከል ንጉሥና ፈረስ ቆመውበት እንደ ነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ፓንክረስት በ1963 ዓ.ም. ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ የጻፈው ጥናት ባይኖር ኖሮ፣ ይህ ሁሉ በየመጽሐፉ ተበታትኖ በቀረ ነበር። እርሱም ቢሆን ልጅ ሳለ ወደዚህ አገር ያልመጣ፣ ኋላ መጥቶ ያደረ እንግዳ ነው። ከቢቺኒ እስከ ፓንክረስት ድረስ ጨዋታውን ያቆዩልን፣ አዲስ ስለ ሆነባቸው ያስተዋሉት ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ የሚያውቀውን አይጽፍም፤ ሁልጊዜ የሚኖር ይመስለዋልና።

በሌላው ዓለም በአሁኑ ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ መገናኘት ትልልቅ ጉባኤ ይደረጋል። በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ጄን ኮን የሚባለው፣ በጀርመን አገር በኤሰን ከተማ ደግሞ ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የጨዋታ ትርኢት አለ። በኤሰኑ ላይ በ2024 ከ200 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተገኝቷል። ሰው ወደ አዳራሹ ገብቶ ከማያውቀው ሰው ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ያልሰማውን ጨዋታ ሕግ ይነገረዋል፤ ተጫውቶ ይነሣል፤ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ያልፋል። ይህ ሲነገር እንደ አዲስ ነገር ይነገራል። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ጭነት ሲጠብቅ ተነሥ፣ ተራዬ ነው ብሎ ከቆርኪው ፊት የሚቀመጠው ሰው ግን የመግቢያ ትኬት አይጠየቅም።

ሰንጠረዥን መልሶ ለመጫወት የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። በመርካቶ ቀይ ጨርቅና ጥቁር ጥብጣብ በቀላሉ ይገኛል፤ ሰባቱን በቁም፣ ሰባቱን በአግድም መስፋት ነው። ሠላሳ ሁለቱን ሹማምንት ከእንጨት የሚጠርብ ሰውም አይጠፋም። የሚያስቸግረው ጸሐፊዎቹ በጥቃቅኑ ነገር አለመስማማታቸው ነው፤ ሁሉም ያዩት በተለያየ አገርና በተለያየ ጌታ ቤት ነበርና። ስለዚህ ዛሬ ጨርቁን ዘርግተው የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ መደቃቸውን ከመግፋታቸው በፊት፣ በወረራው ጊዜ የተንቀሳቀሰው ሹም ስንት ጊዜ ሊመለስ እንደሚችልና ሰባቱ እርምጃ ከየትኛው እንደሚቆጠር እርስ በርሳቸው መጠያየቅ ይኖርባቸዋል።