ለአንድ ሥራ ሁለት ሚዛን፦ በሴቶች ላይ የምንፈርደው ፍርድ በእግዚአብሔር ቃል ሲታይ

የምሳሌ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ እንደ ሆነ ይናገራል (ምሳ. 20፡10)። ይህን ክፍል ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ነጋዴዎችን ለመምከር ነው። ነገር ግን ሁለት ሚዛን የሚገኘው በገበያ ብቻ አይደለም። በቤታችን፣ በሰፈራችንና በቤተ ክርስቲያናችን ያንኑ ሥራ ሴት ስትሠራው በአንድ ሚዛን፣ ወንድ ሲሠራው ደግሞ በሌላ ሚዛን እንመዝናለን። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሚዛን ከየት እንደ መጣ፣ በአገራችን ሕግ ውስጥ እንዴት እንደ ቆየና እንደ ተለወጠ፣ መጽሐፍ ቅዱስስ ምን እንደሚል አብረን እንመለከታለን።

1. ሚዛኑ ከየት መጣ?

ሴት ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ብትስቅ “ዓይን አውጣ” ትባላለች፤ ወንዱ ሲስቅ ግን “ተጫዋች” ነው። እርሷ ካመሸች ጎረቤት ሁሉ ወዴት ሄዳ ነው ይላል፤ ወንድሟ ቢያመሽ “ወንድ ልጅ አይደል እንዴ?” ተብሎ ይታለፋል። በ30 ዓመቷ ያላገባች እኅት “ቆሞ ቀር” የሚል ስም ይወጣላታል፤ በዚያው ዕድሜ ያለው ወንድም ግን “ገና ራሱን እያደላደለ ነው” ይባልለታል። ዓረብ አገር ሠርታ ቤተሰቧን የረዳች እኅት ስትመለስም ድካሟን ሳይሆን ንጽሕናዋን የሚጠይቅ አይጠፋም።

ተረትና ምሳሌዎቻችን ይህንን ሚዛን በአጭሩ ይናገራሉ። “ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት” የሚለው ቦታዋን ይወስናል። “ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ” የሚለው እውቀቷን ይንቃል። “ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ” የሚለው ደግሞ መመታቷን ተገቢ ያደርገዋል። ጌታን ስንቀበል ኃጢአታችን ተሰረየልን እንጂ፣ እነዚህ ተረቶች በዚያው ዕለት ከአእምሯችን አልወጡም። ሐዋርያው ጳውሎስ አማኞችን አእምሯችሁ ይታደስ ብሎ የሚመክረውም ለዚህ ነው (ሮሜ 12፡2)።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፍርዱን የሚሰጡት ወንዶች ብቻ አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 63 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ብለዋል። የቀረቡት ምክንያቶች ምግብ ማሳረር፣ ባልን መከራከር፣ ሳይናገሩ ከቤት መውጣት፣ ልጆችን ችላ ማለትና የግብረ ሥጋ ግንኙነትን እምቢ ማለት ነበሩ። ከወንዶቹ መካከል እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. ከሴቶቹ 85 በመቶ እንዲሁ ብለው ስለ ነበር ቁጥሩ እየቀነሰ መጥቷል። ሆኖም ሴቶቻችን በጠማማው ሚዛን ራሳቸውን መመዘን ምን ያህል እንደ ተማሩ ያሳያል። እናት ለልጇ የምታወርሰውም ይህንኑ ነው።

2. በአገራችን ሕግ ውስጥ

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ቢልም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከክስ የሚድንበትን በር ክፍት ትቶለት ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተሰብ ይታረቃል፣ ልጅቱም ለበደላት ሰው ሚስት ትሆናለች። እምቢ ብትል ነውሩ የእርሷ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማን ያገባታል ይባላልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር፤ የጋብቻ ዕድሜም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነበር።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በትዳር እኩል አደረገ፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለሁለቱም 18 ዓመት አለው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊው ልጅቱን ቢያገባትም ከቅጣት እንደማያመልጥ በግልጽ ደነገገ። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ጥቃትም በወንጀልነት አስቀመጠ።

አንዳንድ ወገኖች እነዚህ ሕጎች ከውጭ የመጡ ናቸው ይላሉ። እስቲ ዘዳግም 22፡25-27ን ገልጣችሁ አንብቡ። በሜዳ በኃይል የተደፈረችውን ልጅ የሙሴ ሕግ ምንም በደል የሌለባት አድርጎ ይቆጥራታል፤ ነገሩንም ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ ከሚገድልበት ወንጀል ጋር ያነጻጽረዋል። “ለምን ወጣች? ምን ለብሳ ነበር?” ብሎ አይጠይቅም።

3. በመጽሐፍ ቅዱስ የተገለበጡ ሦስት ፍርዶች

ሀ. ይሁዳና ትዕማር (ዘፍ. 38)። ይሁዳ ምራቱ ማርገዟን በሰማ ጊዜ ሳይመረምር እንድትቃጠል ፈረደ። እርሱ ራሱ በመንገድ ዳር ወደ አገኛት ሴት መግባቱ ግን ክስ አላመጣበትም። ማኅተሙና በትሩ ሲመጡለት ከእርሱ ይልቅ እርሷ ጻድቅ መሆኗን ሊመሰክር ተገደደ።

ለ. ዔሊና ሐና (1ሳሙ. 1)። ሐና በልቧ እየጸለየች ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ነገሩን ስታስረዳው ግን በቃሉ አልጸናም፤ ባርኮ በሰላም አሰናበታት። ስለ ሴት የችኮላ ፍርድ ከመንፈሳዊ መሪም አፍ ሊወጣ እንደሚችል፣ የሰማ መሪ ደግሞ ፍርዱን እንደሚያነሣ ከዚህ እንማራለን።

ሐ. በምንዝር የተያዘችው ሴት (ዮሐ. 8፡1-11)። ከሳሾቿ የሙሴን ሕግ ጠቀሱ፤ ሕጉ ግን ወንዱም ሴቲቱም እንዲቀጡ ያዝዝ ነበር (ዘሌ. 20፡10፤ ዘዳ. 22፡22)። በድርጊቱ ላይ ተያዘች ካሉ ሰውየው ወዴት ሄደ? ጌታ ኃጢአትን አላቃለለም፤ ዳግመኛ እንዳትበድል አዝዟታል። ድንጋይ የጨበጡትን ግን አስቀድመው ራሳቸውን እንዲመዝኑ አደረጋቸው።

4. ታዲያ ለሴቶች የተሰጠ ትእዛዝ የለምን?

አለ። ጳውሎስም ጴጥሮስም ስለ ሴቶች አለባበስና ጠባይ ጽፈዋል። ጥያቄው ቀጥሎ ያለውን እናነባለን ወይ ነው። 1ጢሞቴዎስ 2፡9ን የምንጠቅስ ሰዎች ለወንዶች ስለ ቁጣና ክርክር የተጻፈውን ቁጥር 8ን እንዘለዋለን። 1ጴጥሮስ 3፡1ን ለሚስት እናነባለን፤ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል የሚናገረውን ቁጥር 7ን ግን ለባል አናነብም። ኤፌሶን 5 ላይ ከቁጥር 22 እስከ 24 ለሚስቶች ሲሆን፣ ከቁጥር 25 እስከ 33 ያለው በአብዛኛው ለባሎች የተነገረ ነው። ስለ ምኞትም ጌታ ተጠያቂ ያደረገው የሚመለከተውን ሰው ነው (ማቴ. 5፡28)።

5. ምን እናድርግ?

• በቤተ ክርስቲያን ዲሲፕሊን። ሳታገባ ያረገዘች እኅት ከኅብረት ታግዳ፣ ከመዘምራን ወርዳ፣ ልጁን ያስረገዘው ወንድም ከበሮውን እየመታ ከቀጠለ ይህ የዮሐንስ 8 ከሳሾች ዲሲፕሊን ነው። ሁለቱም ይጠየቁ፤ ሁለቱም ንስሐ ሲገቡ ይመለሱ።

• በምክር አገልግሎት። ለምትመታ ሚስት “ታገሺ፣ ጸልዪ” ብቻ ብሎ መመለስ አደጋ ላይ መጣል ነው። አስቀድሞ ደኅንነቷ ይጠበቅ፤ ባልየውም በሽማግሌዎች ፊት በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ። ወንጀል ከሆነ ወደ ሕግ መሄዷን እንደ እምነት ጉድለት አንቁጠርባት።

• በቤት ውስጥ። እኅቱ ስታጥብ እርሱ ተቀምጦ የሚጠብቅ ልጅ፣ ነገ ከሚስቱ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ሥራውንም፣ የመግቢያ ሰዓቱንም፣ ተግሣጹንም ለሁለቱም እኩል አድርጉት።

• በአንደበታችን። ስለ አንዲት እኅት ወሬ ሲመጣ፣ “ይህን ያደረገው ወንድም ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር?” ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ የተለየ ከሆነ ሚዛኑ ተበላሽቷልና አፋችሁን ዝጉ።

ውድ አንባቢ፣ በየአጥቢያችን በሰው ወሬ ተሰብራ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች፣ ወይም ጨርሶ መምጣት ያቆመች እኅት አለች። በምንሰፍርበት መስፈሪያ እንደሚሰፈርልን ጌታ ተናግሯል (ማቴ. 7፡2)። ሚዛናችንን ካስተካከልን በኋላ ሄደን እንፈልጋት።

ጌታ ይርዳን!