አሻንጉሊቶቹ በፍርድ አደባባይ

«አብረሃት ልትጫወት የምትወዳትን አሻንጉሊት ስጠኝ።» «መጥፎ የምትመስለውን ስጠኝ።» በመጨረሻም፣ «አንተን የምትመስለውን ስጠኝ።»

እነዚህ ጥያቄዎች ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ዕድሜ ለነበራቸው ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት የቀረቡ ናቸው። በሕፃኑ ፊት አራት አሻንጉሊቶች ይደረደራሉ። ሁለቱ ነጭ፣ ፀጉራቸውም ብጫ ነው፤ ሁለቱ ጠይም፣ ፀጉራቸውም ጥቁር ነው። ከዚህ በቀር ልዩነት የላቸውም። ሕፃኑ በተጠየቀ ቁጥር አንዷን አንሥቶ ይሰጣል፤ ጠያቂው ይመዘግባል። ይህ የልጅ ጨዋታ የሚመስል ነገር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአንድን ታላቅ አገር ሕግ በሚመረምር ችሎት ፊት ቀረበ። የአሻንጉሊቶቹን ታሪክ ማንሣት የፈለግሁት አንድ ጥያቄ ስለሚያስከትል ነው፤ ሰው መብቱን ለማግኘት መቁሰሉን ማስረዳት አለበትን? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥናቱ ባለቤቶች ኬኔት ክላርክና ሜሚ ፊፕስ ክላርክ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ናቸው። የተዋወቁት በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ነው። ብዙ ጊዜ የባልየው ስም ቀድሞ ቢጠራም የሐሳቡ ዘር የሚስቲቱ ነበር። በአርካንሳስ፣ በሆት ስፕሪንግስ ከተማ የተወለደችው ሜሚ በ1939 ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያቀረበችው ጽሑፍ ጥቁር ሕፃናት ስለ ማንነታቸው ማወቅ የሚጀምሩት እንዴት እንደሆነ የሚመረምር ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ የዘር መለያየትን የሚሞግቱ ክሶች በሚዘጋጁበት የሕግ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ሠርታለች። የሳይንስ ጥናትና የፍርድ ቤት ሙግት በአንዲት ወጣት ሴት ሕይወት ውስጥ አስቀድመው ተገናኝተው ነበር ማለት ይቻላል።

ባልና ሚስቱ በ1947 ያሳተሙት ውጤት 253 ሕፃናትን የሚመለከት ነው። 134ቱ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚማርበት በደቡቡ አርካንሳስ፣ 119ኙ ደግሞ አብረው በሚማሩበት በሰሜኑ ማሳቹሴትስ የሚኖሩ ነበሩ። ከጠቅላላዎቹ 67 በመቶው አብረዋት ለመጫወት የመረጧት ነጯን አሻንጉሊት ነው። 59 በመቶው መጥፎ የምትመስለውን ሲጠየቁ ጠይሟን አነሡ። «አንተን የምትመስለው የትኛዋ ናት?» ሲባሉም ከሦስቱ አንዱ ያህል ወደ ነጯ ጠቆሙ። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የራሱን መልክ ለመጥላት ፈጥኖ ነበር።

ጠበቆች ይህን ውጤት ለምን ፈለጉት? ለመረዳት ወደ 1896 መመለስ ያሻል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሉዊዚያና በባቡር ጉዞ ላይ በተነሣ ክርክር፣ በፕሌሲ ጉዳይ፣ አገልግሎቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ሰውን በዘር ለይቶ ማስቀመጥ ሕግን አይጥስም ሲል ወሰነ። ዳኞቹ በዚህ አላበቁም። ጥቁሮች መለየታቸውን የበታችነት ምልክት አድርገው ካዩት፣ ይህ ራሳቸው የመረጡት ትርጓሜ እንጂ ከሕጉ የመጣ አይደለም አሉ። ይህ አነጋገር ስለ ሰው ልብ የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ ሆኖም ማንም አላጠናውም፣ ማንም ሕፃን ጠርቶ አልጠየቀም። ለ58 ዓመታት የሚሊዮኖች ዕጣ የተንጠለጠለው ባልተመረመረ የሥነ ልቦና ግምት ላይ ነበር። የክላርኮች አሻንጉሊቶች የመጡት ለዚህ አነጋገር መልስ ሆነው ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ትርጓሜ አይመርጥም፤ የሚቀበለው አዋቂዎች ያቆዩለትን ነው።

ሙግቱ ወደ ፍርድ ቤት ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱ በደቡብ ካሮላይና የሚገኘው የክላረንደን አውራጃ ነው። ነገሩ የተጀመረው ጥቁር ወላጆች የነጭ ልጆች በአውቶቡስ ሲጓጓዙ የእነርሱ ልጆች በእግር መሄዳቸው አንገብግቧቸው አንድ አውቶቡስ በመለመናቸው ነበር። ከከሳሾቹ ቀዳሚ ሆኖ ስሙ የተመዘገበው ሃሪ ብሪግስ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ነበር፤ እሱም ሚስቱም ከሥራ ተባረሩ። በ1951 ኬኔት ክላርክ ወደዚያው አውራጃ ወርዶ 16 ሕፃናትን በአሻንጉሊቶቹ ጠየቀ። አሥሩ ነጯን ወደዱ፤ አሥራ አንዱ ጠይሟን መጥፎ አሉ። ይህንኑ ለፍርድ ቤት መሰከረ፤ ከሳሾቹ ግን ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ተረቱ። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ዌቲስ ዋሪንግ መለያየት በራሱ እኩልነትን ማፍረስ ነው ሲሉ ጻፉ።

ጉዳዩ በይግባኝ ከሌሎች ተመሳሳይ ክሶች ጋር ተጣምሮ፣ በካንሳሱ ከሳሽ በብራውን ስም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ግንቦት 17 ቀን 1954 ዋናው ዳኛ ኢርል ዋረን ያለ አንዳች የሐሳብ ልዩነት የተሰጠውን ፍርድ አነበቡ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም። ሕፃናትን በዘራቸው ብቻ መለየት በልባቸው የበታችነት ስሜት እንደሚያሳድርም ገለጹ። ለዚህ ድጋፍ በሆነው 11ኛው የግርጌ ማስታወሻ መጀመሪያ ላይ የተጠቀሰው የኬኔት ክላርክ ጥናት ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ቁጥር ነበረ። በሰሜን ከነጮች ጋር አብረው የሚማሩት ጥቁር ሕፃናት፣ ተለይተው ከሚማሩት የደቡብ ሕፃናት ይልቅ ነጯን አሻንጉሊት መርጠዋል፤ 72 በመቶ ለ62። የደቡብ ካሮላይና ጠበቃ ጆን ዴቪስ ይህንኑ መዝዞ በዳኞቹ ፊት አቀረበው። ክላርክ ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያሉትን ልጆች አይቶ ነበር። በማሳቹሴትስ «አንተን የምትመስለው የትኛዋ ናት?» ሲባሉ እያለቀሱ ከክፍሉ የወጡ ነበሩ። በአርካንሳስ ደግሞ ጠይሟን ጠቁሞ፣ ነጮች ጥቁርን የሚሰድቡበትን ቃል እንደ ስሙ አድርጎ ፈገግ እያለ የጠራ ልጅ ነበር። የትኛው ይበልጥ ተጎድቷል? በባንክ ከመዝገብ ጋር የምንውል ሰዎች ድምሩ ልክ ሆኖ ንባቡ ሊሳሳት እንደሚችል እናውቃለን። የፈገግታውን ልጅ ሕመም የሚመዘግብ ዓምድ በሠንጠረዡ ውስጥ አልነበረም።

ከፍርዱ በኋላ በ1955 የሕግ ምሁሩ ኤድመንድ ካን፣ ፍርዱን እየደገፉ፣ የዜጎች መብት እንዲህ ባለ ስስ መሠረት ላይ እንዲቆም እንደማይሹ ጻፉ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። በ1963 በጆርጂያ፣ በሳቫና ከተማ የነጭ ተማሪዎች ወገን የራሱን ምሁራን አቆመ። እነዚህም ጥቁርና ነጭ ልጆች በመማር ችሎታ ይለያያሉ፣ ቢቀላቀሉ ሁለቱም ይጎዳሉ ብለው መሰከሩ። የወረዳው ዳኛ ቃላቸውን ተቀብሎ የጥቁሮቹን ክስ ውድቅ አደረገ። በ1964 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ባይሽር ኖሮ፣ በጥናት ተከፈተ የተባለው በር በሌላ ጥናት በተዘጋ ነበር።

ታዲያ አሻንጉሊቶቹ ባይቀርቡ ይሻል ነበርን? አይመስለኝም። በ1896 የተነገረው ሐሰት የልብ ጉዳይ ነበርና ልብን ያዩ ሰዎች መልስ መስጠት ነበረባቸው። ክላርኮች መልሱን ሰጡ። ሐሰቱ ከፈረሰ በኋላ ግን ቤቱ መሠራት ያለበት በሌላ መሠረት ላይ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ በደል የሚለካው በጠፋው ነገር ብዛት እንዳልሆነ ነግረውናል። ጭብጦ በበቅሎ ፊት ምንድን ናት? የምታንገበግበው ግን ያለ ፍርድ በመሄዷ ነው። ዳኛ ዋሪንግም በጥቂት ቃላት ያሉት ይህንኑ ነው። ከክላረንደን ልጆች አንዷ ጠይሟን አሻንጉሊት አቅፋ፣ ስማ፣ «እኔን ትመስላለች» ብላ ደስ ብሏት ብትሄድ እንኳ፣ የነጭ ልጆች በአውቶቡስ ሲያልፏት እሷ በእግሯ መሄዷ በደል መሆኑ አይቀርም ነበር።

ይህን ሳስብ የመጣችልኝን ሁለት ስንኝ ለአንባብያን ትቼ ልሰናበት፦

ቁስሉን ያላሳየ መብቱን ከተነሣ፣
ቁስል የሌለውስ በምን ቃል ይነሣ?