አውታርና ምርምር

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሙዚቃ ከሒሳብ፣ ከጂኦሜትሪና ከሥነ ፈለክ ጋር ተጣምሮ ይሰጥ የነበረ የዕውቀት ዘርፍ ነበር። መምህሩ በባለ አንድ አውታር መሣሪያ የርዝመትንና የድምፅን ዝምድና ለተማሪው ያሰማ ነበር።

ሆኖም ከማስረጃ ይልቅ ስም የሚከበርበት ጊዜ ነበርና፣ ፓይታጎረስ የድምፅን ሕግ ከአንጥረኛ መዶሻዎች ክብደት አገኘ የሚለው ትረካ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲደጋገም ኖረ። ትረካውን በተግባር ከፈተኑት አንዱ የጋሊሌዮ አባት፣ የሉት ተጫዋቹ ቪንቼንሶ ጋሊሌይ ነው። በአውታር ላይ ክብደት እያንጠለጠለ አዳመጠ፤ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ እንዲል ክብደቱ 2 ሳይሆን 4 እጥፍ መሆን እንዳለበት ተረዳ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1589 አሳተመ። በ1636 ደግሞ ፈረንሳዊው ማሪን መርሴን ርዝመትን፣ ውጥረትንና የአውታሩን ክብደት ያስተሳሰረውን ሕግ በመጽሐፉ አብራራ።

ይህ ታሪክ ከእኛ የመማሪያ ክፍል የራቀ አይደለም። የማሲንቆው አውታር እኩሌታው ላይ በጣት ሲያዝ ያው ቃና በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል። ቀመሩን ከማስሸምደዱ በፊት ማሲንቆውን ያስቀደመ መምህር፣ ተማሪው የተነገረውን ከመቀበል አልፎ በገዛ ጆሮው እንዲመረምር ያስችለዋል። የሳይንስ ትምህርት ዋና ዓላማም ይኸው ነው።