ጎሚኒ፦ ከቶሪኖ በቮልጋ ዞሮ ወደ ግቢያችን

የዚህ ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ። ስለ ምርጫ ወይም ስለ ፍቅር እንድጽፍ የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጎማ ነው። ያውም መንገዱን ስለሚረግጠው ጎማ አይደለም። ማንም ስለማያየው፣ ጡጫ ውስጥ ስለሚደበቅ፣ ሜካኒኮቻችን «ጎሚኒ» ስለሚሉት ቁራጭ ጎማ ነው። አትሳቁ! ታሪክ ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ቤታችን ውስጥ በተነሳ ክርክር ነው። አባዬ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የሠራባት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ጡረታ ወጥታ ግቢያችን ቆማለች። የእኔም የወንድሜም የትምህርት ቤት ክፍያ የተከፈለው ከእሷ ኮፈን ሥር በወጣ ገንዘብ ነው። አሁን ግን ወንድሜ «ትሸጥ» ይላል። ከፊት «ቋ! ቋ!» ትላለች። ኮብልስቶን ላይ ስትወጣማ ጥርስ ታንቀጫቅጫለች። ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትጎትታለች። ሊገዛት የመጣው ሰው ያቀረበው ዋጋ የመኪና ሳይሆን የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነበር።

አባዬ ምንም አልተናገረም። ቁልፉን አንስቶ አንዴ ሰፈሩን አዞራትና ወረደ። «ጎሚኒዋ ነው ያለቀው። ሌላ ምንም አልሆነችም» አለ። ከዚያ እጁን አየው። እጁ እንደ ድሮው አይታዘዘውም፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እኔም አፌ አመለጠኝና «እኔ እቀይራለሁ፣ አንተ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለህ ንገረኝ» አልኩት። ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ ላዳ ሥር ልትገባ ነው ማለት ነው። ጎረቤት ምን እንዳለ አልነግራችሁም።

ጎሚኒ ምን ትሠራለች?

የላዳን የፊት ጎማ የያዙት ሁለት የብረት ክንዶች ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ጋራዥ ውስጥ «ብራቾ» ይባላሉ። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ብራቾዎቹ እንደ በር ከፍ ዝቅ ይላሉ። በር ማጠፊያ እንዳለው ሁሉ ብራቾም ማጠፊያው ላይ ጎሚኒ አለችው። ለእያንዳንዱ ብራቾ 2፣ ለአንድ ጎን 4፣ ለፊት እግር በሙሉ 8 ናቸው።

አሠራሯ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ከውስጥ የብረት ቱቦ፣ ከውጭ የብረት ቱቦ፣ በመሃል ተጨንቆ የገባ ጎማ። የውጪው ቱቦ ብራቾው ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ የውስጡ በዳዶ ተጠፍሮ ይታሰራል። ብራቾው ሲንቀሳቀስ የሚንሸራተት ነገር የለም። ጎማው ራሱ ይጠመዘዛል፣ መልሶ ይፈታል። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ? የአዲስ አበባን መንገድ ጠይቁ።

ከጎሚኒ በፊት በዚህ ቦታ ብረት በብረት ላይ ነበር የሚዞረው። ብረት በብረት ላይ ሲዞር ግራሶ ይፈልጋል። የጥንት መኪና ባለቤት ከመኪናው ሥር እየገባ፣ መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ እየፈለገ መቀባት ነበረበት። አንድ ሳምንት ከሰነፈ መኪናዋ ትጮህበታለች።

መፍትሔው የመጣው ከጎማ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማ ከድኝ ጋር ሲሞቅ በሙቀት እንደማይቀልጥ፣ በብርድ እንደማይሰባበር አገኘ፤ በ1844 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ያ ባይሆን የመኪና ጎማም ጎሚኒም ባልኖሩ ነበር። ጎማን በሁለት ብረት መሃል አጭቆ ማጠፊያ ማድረግ ደግሞ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እየተስፋፋ መጣ። በፈረንሳይ የወጣላት የንግድ ስም «ሲለንብሎክ» ነበር፤ ዝምተኛዋ እንደማለት። ሩሲያውያን እስከ ዛሬ «ሳይለንትብሎክ» ይሏታል።

የፈጠራው ተስፋ በስሟ ውስጥ አለ፦ የማትቀባ፣ የማትጮህ፣ ባለቤቷ የሚረሳት። ተረስታ እንድትኖር የተሠራች ነገር ደግሞ የምትታወሰው ስትሞት ብቻ ነው። የእኛም እንደዚያ ሆነች።

ጣሊያናዊቷ ሶሻሊስት

አሁን ወደ ላዳ ራሷ እንምጣ። ብዙዎቻችን ላዳን «የሩሲያ መኪና» ብለን ነው ያደግነው። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 የጣሊያኑ ፊያት 124 የምትባል የቤተሰብ መኪና አወጣ። በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። በዚያው በ1966 ፊያት ከሶቪየት መንግሥት ጋር ትልቅ ስምምነት ጨረሰ፦ ፊያት ንድፉንና ዕውቀቱን ይሰጣል፣ ሶቪየቶች በቮልጋ ወንዝ ዳር ግዙፍ ፋብሪካ ይተክላሉ። የፋብሪካው ከተማ ስም ራሱ ጣሊያናዊ ነው። ድሮ ስታቭሮፖል ይባል ነበር፤ በ1964 የጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ፓልሚሮ ቶልያቲ ሲሞቱ ለመታሰቢያቸው «ቶልያቲ» ተባለ።

ጣሊያናዊቷ ግን ወደ ሶቪየት መንገድ ስትወርድ ጉዷ ፈላ። ለቶሪኖ አስፋልት የተሠራው አካሏ በሸካራው መንገድ ላይ ተሰነጣጠቀ። የኋላ ዲስክ ፍሬኗ በጭቃና በአቧራ ቶሎ አለቀ። ስለዚህ ከ800 በላይ ለውጦች ተደረጉባት። አካሏ ወፈረ፣ ከመሬት ከፍ አለች፣ የኋላ ፍሬኗ በከበሮ ተተካ፣ ሞተሯ ተለወጠ፣ የፊት እግሯ ጠነከረ። ሚያዝያ 19 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ 6 መኪኖች ተገጣጥመው ወጡ፤ 4ቱ ቀይ፣ 2ቱ ሰማያዊ። አባዬ ይህን ስነግረው «ሰማያዊዋ የእኛ ዘመድ ናት» አለ።

በአገሯ ከቮልጋ ዳር ኮረብታዎች ስም ወስደው «ዢጉሊ» አሏት። ለውጭ አገር ገበያ ላዳ ተባለች። እናቲቱ ፊያት 124 በጣሊያን ማምረቻዋ በ1974 ተዘጋ። የላዳ ልጆች ግን የፊት እግራቸው መሠረታዊ አቀማመጥ ሳይለወጥ እስከ 2012 ድረስ ተመርተዋል። ልጅ እናቷን በ38 ዓመት በለጠች ማለት ነው።

ወደ እኛ አገር የመጣችው በደርግ ዘመን ነው። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ከሞስኮ ጋር ወዳጅነቱ ሲጠብቅ ታንኩም፣ አማካሪውም፣ ነጻ የትምህርት ዕድሉም፣ ላዳውም አብረው መጡ። ወዳጅነቱ አልፎ፣ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ከካርታ ላይ ጠፍታ፣ ላዳ ግን ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ሰው ማመላለሷን ቀጠለች።

«ጎሚኒ» ማለት ምን ማለት ነው?

ለእኔ በጣም የሚገርመኝ ክፍል ይኸኛው ነው። መኪና ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤዴ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ለአጤ ምኒልክ ይዞ መጣ። የጋራዥ ቋንቋችን ግን እንግሊዝኛ አልሆነም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ መንገድ ተቀደደ፣ የጭነት መኪና በብዛት ገባ፣ ጋራዥ ተከፈተ። ጣሊያን ከተባረረም በኋላ የእጅ ሙያ ያላቸው ብዙ ጣሊያኖች እዚሁ ቀሩ። ሙያውን ከእነሱ አጠገብ ቆመው የለመዱ የእኛ ሰዎች ቃሉንም አብረው ወሰዱ። መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ በማየትና በመስማት ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር፦ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ክሪክ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞላ። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። «ብራቾ» በጣሊያንኛ ክንድ ማለት ነው። «ጎሚኒ» ደግሞ ትንንሽ ጎማዎች ማለት ነው፤ አንዷ «ጎሚኖ» ናት። እኛ ብዙ ቁጥሩን ወስደን ነጠላ አደረግነው፤ ስምንት ሲሆኑ «ጎሚኒዎች» እንላለን። ጣሊያን ቢሰማ ይስቅብን ይሆናል። ይሳቅ፤ ቃሉ አሁን የእኛ ነው።

አሁን ነገሩን ግጠሙት። ሜካኒካችን የሶቪየት መኪና ሥር ተኝቶ በጣሊያንኛ ቃል ዕቃ ይጠይቃል። የቃላት ስህተት ይመስላል፤ ግን ዕቃዋ ከመሠረቷ ጣሊያናዊት ናት! ቃሉ በወረራ መጣ፣ ዕቃው በሶሻሊዝም መጣ፣ በሁለት መንገድ የተለያዩት እናትና ልጅ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ተገናኙ። ይህን የሚያህል ታሪክ ማንም አላስተማረኝም፤ ሶማሌ ተራ ስምንት ጎሚኒ ልገዛ ሄጄ ነው የተገለጠልኝ።

ቅዳሜ በግቢያችን

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። አባዬ በርጩማው ላይ ሆኖ የመጀመሪያ ትዕዛዙ ይህ ነበር፦ «ክሪክ ብቻውን አይታመንም።» ስለዚህ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ፣ ከፊት በክሪክ አንስቼ ከሥሯ የብረት ማቆሚያ አስገባሁ። ጎማውን ፈታሁ። ሁለተኛው ትዕዛዝ ስለ ሞላው ነው። ሞላው ታጭቆ የተቀመጠ ጉልበት ነው፤ ድንገት ቢወጣ አጥንት ይሰብራል። የታችኛውን ብራቾ በሌላ ክሪክ ደግፌ፣ ፊቴን አርቄ፣ ቀስ... ቀስ እያልኩ አወረድኩት።

ሦስተኛው ትዕዛዝ፦ «ሮንዴላዎቹን ቁጠሪ።» በብራቾው ማሰሪያና በመኪናዋ አካል መሃል ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ፤ የጎማውን አቋም የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። ከየትኛው በኩል ስንት እንደወጣ ጽፌ፣ በየብሎኑ ክር አሰርኩበት። አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች በሞርሳ ገፍቼ ሳወጣ ሁለቱ እጄ ላይ ፈረሱ፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ ብረቱ ብረት ይበላ ነበር። «ቋ! ቋ!» የምትለን ይህ ነው። አዲሶቹን በመዶሻ ልመታ ስል ተቆጣ። በመዶሻ ከተመታች ታዘማለች፤ በሞርሳ ቀጥ አድርጎ መጫን ነው። ግራሶም አይነካትም፤ ዘይት ጎማዋን ይበላዋል።

በሁለተኛው ቅዳሜ አባዬ ለቅሶ ሄደ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ የቀረውን ብቻዬን ገጣጠምኩ፣ ዳዶዎቹን ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኩ፣ ጎማዎቹን አስሬ ላዳዋን አወረድኳት። አባዬ ሲመለስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ መቼ ነው ያጠበቅሽው?»

«ሳላወርዳት ነዋ!»

«በይ ሁሉንም መልሰሽ ላላ አድርጊው። መሬት ሳትረግጥ አይጠበቅም።»

ምክንያቱን በእጁ አሳየኝ። መኪናዋ ተሰቅላ ሳለ ብራቾው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። በዚያ ቦታ ከጠበቀ ጎማዋ ያንን አቋም «ቤቴ» ብላ ትይዛለች። መኪናዋ ስትወርድ ብራቾው ይነሳል፤ ጎሚኒዋም ቆማ እንኳ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘች ትኖራለች። መንገዱ ሲጨመርባት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትቀደዳለች። መኪናዋ ክብደቷን ይዛ፣ ጎማዎቿ ላይ ቆማ ስትጠበቅ ግን የምታርፍበት ቦታ ትክክለኛው ነው። ጎማዎቿን ወፍራም ጣውላ ላይ አቁመን፣ ከፊት ጫን ጫን አድርገን አረጋግተን፣ እንደገና አጠበቅኩ።

ይህን ከየት እንዳወቀ ስጠይቀው ሳቀ። ታክሲ በጀመረ ሰሞን፣ እኔ ሳልወለድ፣ ጎሚኒ ራሱ ይቀይር ነበር፤ በየጥቂት ሳምንቱ ይቀደድበታል። ዕቃውን ያማርራል፣ ሻጩን ይረግማል። የቆመበት ቀን ሁሉ ቤት እንጀራ የሌለበት ቀን ነው። ሦስት ጊዜ ቀይሮ በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ይህችን አንዲት አረፍተ ነገር ነገሩት።

ታሪኩ እዚህ ላይ አያልቅም። ቁም ሳጥናችን ውስጥ ከላዳዋ ጋር የመጣ የሩሲያኛ የጥገና መጽሐፍ አለ። ማንም አንብቦት አያውቅም፤ እኔ ልጅ ሆኜ ሥዕሎቹን ነበር የማየው። ያን ማታ የብራቾውን ሥዕል ፈልጌ ገጹን በስልኬ አስተረጎምኩት። ተጽፏል! ዳዶዎቹ የመጨረሻውን ጊዜ የሚጠበቁት መኪናዋ ጭነት ይዛ በጎማዎቿ ላይ ስትቆም ነው ይላል። አባዬ ያን ሁሉ ቀን እንጀራ ያጣበት ዕውቀት ከአልጋው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሱ በማያነበው ቋንቋ።

ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ሽማግሌው ግን ሩሲያኛ አያውቁም ነበር» አለ። እሳቸው ደግሞ በስንት ቀን እንጀራ ገዝተውት ይሆን?

እና ምን ይሁን?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ወስኗል። «የላዳ ዕውቀት ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ወንድሜም ያለው ይህንኑ ነው። ግን ኤሌክትሪክ መኪናም ብራቾ አላት፣ ጎሚኒ አላት፤ ባትሪዋ ደግሞ ከባድ ነው። ኮብልስቶኑም ያው ኮብልስቶን ነው። የእነሱም የጥገና መጽሐፍ አንድ ቀን በቻይንኛ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳይቀመጥ እሰጋለሁ።

አባቶቻችን በጆሮ የተቀበሉትን በእጃቸው አቆዩልን። የጎደለው ጽሑፉ ነው። ጋዜጠኝነት ተማርኩ ብዬ የማንንም ባለሥልጣን ንግግር ስጽፍ ኖሬ የአባቴን አንዲት አረፍተ ነገር አለመጻፌ አሳፈረኝ። ይኸው ጻፍኳት፦ መሬት ሳትረግጥ አይጠበቅም።

እሁድ ጠዋት ወንድሜ ላዳዋን ኮብልስቶኑ ላይ ነዳት። እኔ ከጎኑ፣ አባዬ ከኋላ እንደ ደንበኛ። ቋም የለም፣ ጉተታም የለም። ወንድሜ እስከ መታጠፊያው ድረስ ምንም አልተናገረም። ሲመለስ ግን «አላይመንት ማሠራት አለብን» አለ። ልብ በሉ፤ «አለብን» ነው ያለው። የሚሸጣት ሰው እንዲህ አይልም።

እናንተስ ቤት ያልተጻፈ ምን አለ? አባታችሁን፣ እናታችሁን፣ የሰፈራችሁን ሜካኒክ ጠይቁና ጻፉልን። ቸር እንሰንብት።