ኩል በአውሮፕላን ክንፍ ላይ

በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በክረምታቸው እምብርት፣ ወደ አዲስ አበባ በሚበር አውሮፕላን መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ። በሩ ተዘግቷል፣ ቀበቶ ታስሯል፣ ግን አንንቀሳቀስም። ረጅም ክንድ ያለው መኪና ክንፉ ጥግ ቆሟል፤ ከክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ሠራተኛ ብርቱካንማ ትኩስ ፈሳሽ ይረጫል። እንፋሎቱ መስኮቴን ሸፈነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አሻግረው አዩና «ምነው ልጄ፣ አሁን ነው እንዴ የሚያጥቡት?» አሉኝ።

«በረዶ እያራገፉለት ነው፣ እማማ።»

«በምን?»

«ግላይኮል በሚባል ነገር።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ያን ጊዜ «መድኃኒት ነገር ነው» ብዬ አለፍኩት። ጥያቄያቸው ግን ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በዚያ ባዕድ ስም ውስጥ እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ቃል ተቀምጧል።

ከቅርቡ ልነሣ። ግላይኮል የሚለውን ስም ያወጣው አዶልፍ ቩርትስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ ጊዜውም 1856 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አዲስ ያገኘው ፈሳሽ ጠባዩ በግሊሰሪንና በአልኮል መካከል ሆነበት። ስለዚህ ከአንዱ ራሱን፣ ከሌላው ጅራቱን ወስዶ አንድ ቃል አደረጋቸው። ራሱ፣ ማለትም «ግላይ» የሚለው፣ በግሪክ ጣፋጭ ማለት ነው። ግሊሰሪን ቆዳችን ሲደርቅ የምንቀባው ያው ከፋርማሲ የምንገዛው ነው፤ ሼለ የተባለው የስዊድን ኬሚስት በ1779 የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር አፍልቶ ሲያገኘው ጣፋጭነቱ ነበር ያስገረመው። ሆስፒታል ገብቶ ግሉኮስ የተተከለለት ሰውም የዚሁ ቤተሰብ ቃል በአፉ አለ።

ጅራቱ «ኦል» ከአልኮል የተቆረጠ ነው። አልኮል ደግሞ ዓረብኛ ነው፤ አል-ኩሕል። «አል» የእኛን «ኡ» የሚተካ ነው፤ እኛ ከስሙ ኋላ የምናስከትለውን እነሱ ከፊት ያስቀድሙታል። አል-ኩሕል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንግዲህ «ኩሉ» ይሆናል። አዎ፣ ያው የዐይን ኩል! ግእዙ ኵሕል ይለዋል፤ ዕብራይስጡም በሕዝቅኤል 23፥40 ላይ ዐይን መቀባትን ከዚሁ ሥር ነው የሚያወጣው። አማርኛ ሐን ከጉሮሮው ሲያጠፋ ቃሉ አጠረና ኩል ሆነ፤ የጥንቱ ኵ ግን «ተኳለች» ስንል ዛሬም ይሰማል። የሚገርመኝ፣ እኛ የጣልነውን ሐ ላቲኑ ይዞ መቅረቱ ነው፤ ፈረንጅ አልኮልን ሲጽፍ በመካከል የምትቀመጠው «ህ» እሷው ናት።

ጥቁር ዱቄት እንዴት መጠጥ ሆነ? ኩል እጅግ የላመ ዱቄት ነው። የአውሮፓ አልኬሚስቶች ቃሉን ከዓረብ ወስደው በመጀመሪያ ለማንኛውም ልም ዱቄት፣ ቀጥሎ ተነጥሮ ለወጣ የነገር ፍሬ ሁሉ አዋሉት። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ፓራሴልሰስ ከወይን ተነጥሮ የሚወጣውን «የወይን አልኮል» አለው። በኋላ «የወይን» የሚለው ተረሳና አልኮል ብቻውን ቀረ።

ግላይኮል የሚለው ቃል የተሸከመው ጣፋጭነት ግን ለጌጥ አይደለም፤ ሰው ገድሏል። በ1937 በአሜሪካ አንድ ፋብሪካ መድኃኒት በዳይኢቲሊን ግላይኮል አሟሙቶ፣ እንዲጥም አድርጎ «ኤሊክሲር» ብሎ ሸጠው። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸውም ብዙ ሕፃናት ነበሩ። በጊዜው መርዝነቱ ሳይመረመር መሸጡን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ባለሥልጣኖቹ ከየመደብሩ ሊሰበስቡት የቻሉት በአንድ ቃል ብቻ ነው፦ ኤሊክሲር የሚባል መድኃኒት አልኮል ሊኖረው ይገባል፣ ይህ ግን የለውም። ስሙ ሐሰት ስለሆነ ተያዘ። ሌላ ስም ቢሰጡት ኖሮ እጃቸውን አጣጥፈው ባዩ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1938፣ አዲሱ የመድኃኒት ሕግ ወጣ። የቃል ነገር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ነው ለሚለኝ ሰው ይህን ታሪክ ነው የምነግረው።

ወደ ክንፉ ልመለስ። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ስስ ውርጭ ብቻ የክንፍን የማንሣት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ብርቱካንማው ፈሳሽ ግላይኮልና ውኃ ነው፤ ሞቆ ይረጭና ያለውን ያነሣል፣ ከዚያም ቶሎ ይፈስሳል። በረዶ እየጣለ ከሆነ ሌላ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይደረብበታል። እሱ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ክንፉን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ለመነሣት ሲሮጥ በነፋሱ ኃይል ቀጥኖ ይራገፋል። ሁለቱን መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው። በማርች 1992 በኒው ዮርኩ ላጓርዲያ አንድ አውሮፕላን የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ተረጭቶለት፣ 35 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲነሣ ወደቀ፤ 27 ሰዎች ሞቱ። በመካከሉ በረዶው ተመልሶ ይዞት ነበር።

ታዲያ ሁለቱን ፈሳሾች በአማርኛ ምን እንበላቸው? «በረዶ ማቅለጫ» የሚለውን አልወደውም። የፈሳሹ ሥራ ማቅለጥ ብቻ ቢሆን ትኩስ ውኃ በበቃ ነበር፤ ዋናው ነገር የቀለጠው ተመልሶ እንዳይጋገር ማድረጉ ነው። «በረዶ» የሚለውም ብቻውን አይበቃም። በረዶ ከ«በረደ» የወጣ ሰፊ ቃል ነው፤ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ የሚሠራውንም፣ የፈረንጅ አገሩንም ጠቅልሎ ይይዛል። ውርጭን ግን ገበሬው ለይቶ ሰይሞታል፤ ሳይዘንብ፣ ሌሊቱን ከመሬት የተነሣ ይመስል ሰብል ላይ የሚያድረው እሱ ነው፤ ክንፍም ላይ እንደዚያው ሳይታይ ያድራል። እኔ የምመርጠው ለብርቱካንማው «የበረዶና የውርጭ ማራገፊያ»፣ ለአረንጓዴው «መከላከያ» ነው። ይረዝማል፤ ግን ሥራውን ሳይቀንስ ይናገራል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ጋራዥ ቤት «ኩላንት» የሚሉት የራዲያተር ፈሳሽ ከዐይን ኩል ጋር ዝምድና የለውም፤ እንግሊዝኛ ነው፣ ማቀዝቀዣ ማለት ነው። በውስጡ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ኢቲሊን ግላይኮል ነው፦ የአውሮፕላኑ ፈሳሽ የቅርብ ዘመድ፣ ጣፋጭ፣ ኩላሊት የሚያበላሽ። ሲያዩት አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ጁስ ይመስላል። በሃይላንድ ቀድታችሁ ቤት አታስቀምጡት። ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ልጆች ከማይደርሱበት አርቁት፣ በላዩም ላይ «መርዝ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት።