ከጓሳ ሣር እስከ ለሚ ሲሚንቶ

በመርሐቤቴና በእንሳሮ መካከል ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ መንገደኛ የምድሩን ሀብት በአንድ ገደል ላይ ተደራርቦ ያየዋል። ከላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ፤ የመንዝና የግሼ ደጋ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ከሥሩ አገሩን ባሕር ሸፍኖት በነበረ ጊዜ የተነጠፈው የኖራ ድንጋይና ጀሶ ተዘርግቷል። ደጋው ለዘመናት የኖረው በላይኛው ነው። ዛሬ ከተሞች የሚገነቡት በታችኛው ነው።

ከላይኛው ሀብት ሣሩን ላስቀድም። ከ3,200 ሜትር በላይ የሚበቅለው ጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ሣሩ የሚበቅልበትን፣ እሱም ጓሳ የሚባለውን መሬት በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት። ዘሮቻቸውም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠበቁት። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈት ነበር፤ ያለጊዜው ያጨደ ይቀጣ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ግን ቄሮ ፈረሰ፣ ሣሩም በግጦሽና በአጨዳ ተጎዳ። ሕዝቡ ቆይቶ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው አሁንም እዚያው ናቸው፤ ከጓሳ የሚነሡት ምንጮችም ዓባይንና አዋሽን ይመግባሉ። ከዚህ ደጋ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ የጥበቃ ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

ቄሮ በነበረበት ዘመንም ቢሆን ደጋው በራሱ ብቻ አልኖረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንኮበር አጠገብ በአልዩ አምባ ገበያ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ከአፋር በረሃ የተቆረጠ ጨው ነበር።

ከላይኛው ሀብት ሌላው በጉ ነው፤ ታሪኩ አጭር ነው፤ ግን ያሳዝናል። ሴቶቹ የመንዝ በግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባናና ዝተት ይሸምናሉ። በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በጉን ለማሻሻልም የውጭ ዝርያዎች መጡ፤ ከእነዚህ አንዱ የእስራኤሉ አዋሲ ነበር። ሆኖም የመንዝ በግ ዛሬም ከጠጉሩ ይልቅ በቁሙ ተሸጦ ነው ገንዘብ የሚያስገኘው። ጥሬ ዕቃው አጠገብ ፋብሪካ መትከል ብቻውን አልበቃም።

አሁን ተራው የድንጋዩ ነው። በእንሳሮ ወረዳ ለሚ ላይ የተሠራው የሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 600 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ እንዲያመርት የታቀደ ነው። የሲሚንቶ መሠረት የሆነው ክሊንከር የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ነው። ለዚህ እሳት የአገራችን ፋብሪካዎች ለዓመታት ከደቡብ አፍሪካ የድንጋይ ከሰል ሲገዙ ኖረዋል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ፎቅ በሸዋ ገደል ላይ ቢደገፍም፣ ከባሕር ማዶ ማዕድን ማውጫና ከውጭ ምንዛሪም ሳይላቀቅ ቆይቷል። ጃፓን የብረት ማዕድንና ዘይት ከውጭ አስገብታ ከበለጸገች፣ የሚያበለጽገው ጥሬ ሀብት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የለሚ ድንጋይ ከጓሳ ሣር የሚለየው አንዴ ከተፈነቀለ ስለማይበቅል ነው። ስለዚህ የሚመለከታችሁ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች፦ በዓመት ምን ያህል እንደሚቆረጥ፣ የተቆፈረው ገደል እንዴት እንደሚያገግም፣ ለፋብሪካው መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ምን ድርሻ እንደሚያገኝ በግልጽ ደንብ ወስኑ፤ ደንቡን ስታወጡም ገበሬውን አብሯችሁ አስቀምጡት።